የውሃ ቱቦ መትረየስ

ያን ሰሞን መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የብየዳ ቤት አለኝ፤ በር፣ መስኮት፣ የአጥር ዘንግ እሠራለሁ። መብራት ሲኖር ሥራ የለም፤ ሥራ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። የቡሬ መንገድ ተከፈተ ሲባል ሰምተን ሳንጨርስ ተዘጋ ይባላል። ስልኩም እንደ ፈቃዱ ነው፤ ሲያሰኘው ይሠራል፣ ሲያሰኘው ዝም ይላል። ጠዋት ብየዳ ቤቱን እከፍትና ግራይንደሩን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በር ላይ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ፤ እገባለሁ፤ ደግሞ እወጣለሁ። ከጎኔ ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ «አንተ ሰው፣ ደፉን እኮ ጨረስከው» ትለኝ ነበር።

ጓደኛዬ የመጣው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ጓደኛዬ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነው። እኔ የሙሽሮቹን በር ስሠራ እሱ በበሩ ሲገቡ ይቀርጻቸዋል እያልን እንቀልድ ነበር። ሠርግ ሲጠፋ ካሜራው መደርደሪያ ላይ አቧራ መጠጣት ጀመረ፤ እሱም እንደ እኔ እግሩ አላርፍ አለው። አንድ ቀን ፊልም ልሥራ ብሎ ተነሣ። ከብቶቹን ሽፍቶች የነዱበት አንድ ወጣት ብቻውን ተከትሏቸው ሄዶ ሲያስመልስ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ዋናውን ወጣት የሚጫወተው ራሱ ነው።

«መጨረሻው ላይ ያን የሚሽከረከረውን ይዞ ብቅ ይላል» አለኝ።

«የትኛውን?»

«ስድስት አፈሙዝ ያለውን ነዋ! በእጁ ይዞ ዝርርርር የሚያደርገውን።»

ዳሌው ላይ የማይታይ ከባድ ነገር እንዳቀፈ ሰው ሆኖ እግሩን አንፈራጦ ቆመና ብየዳ ቤቴን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ረሸነው። ሻይ ሻጯ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ብቅ ብላ አየችን፤ ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች።

የሚለውን አውቀዋለሁ። ድሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በአግዳሚ ላይ ተደራርበን ያየነው ነው። ሰውየው ሸሚዙ ተቀዶ ያን ሁሉ ብረት እንደ ጤፍ ነዶ በክንዱ ያቅፋል። ግንብ ይፈርሳል፣ መኪና ይገለበጣል፣ እሱ ግን አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ አይልም። ጥይቱም አያልቅም። ያኔ ማናችንም ጥይቱ ከየት መጣ ብለን አልጠየቅንም።

«ከየት ታመጣዋለህ?» አልኩት።

«አንተ ትሠራዋለሃ።»

እብድ ነህ ልለው ነበር። ግን እጄ ሥራ ፈልጎ ስለነበር አፌ «እስቲ ቱቦ ልይ» አለ።

የሠራሁት ብየዳ ቤቱና አካባቢው ወድቆ ባገኘሁት ነገር ሁሉ ነው። ስድስት የውሃ ቱቦ እኩል ቆረጥኩ። ሁለት ላሜራ ክብ አድርጌ ስድስት ስድስት ቦታ በስቼ ቱቦዎቹን ሰካሁባቸው። መሐል ላይ ዘንግ አሳለፍኩ፤ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ከወፍጮ ቤት የተጣለ ነው። የሚያሽከረክረው ደግሞ ከቆመ ባጃጅ የፈታሁት ሞተሪኖ ሆነ፤ ባጃጇን ቁልፍ ሲያዞሩ የሚያስነሳት እሱ ነው። ባትሪው በጀርባ በሚታዘል የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ገባ። እሳት የሚተፋ እንዲመስል በቱቦዎቹ አፍ ዙሪያ ብልጭልጭ የሚሉ ጥቃቅን መብራቶች አሰርን። ጥቁር ቀለም ስቀባው እኔ ራሴ ሁለት እርምጃ ሸሽቼ አየሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል።

ጓደኛዬ መጥቶ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ተነሣ፤ ግን ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ።

«ምን ከተህበት ነው?» አለ።

«ምንም። ባዶ ቱቦ ነው።»

«ባዶውን እንዲህ ከከበደ እውነተኛው እንዴት ነው?»

 ያኔ ነው ነገሩ እውነት ቢሆንስ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። የእኔ ቱቦ ስስ ነው፤ እውነተኛ አፈሙዝ ወፍራም ብረት መሆን አለበት። የእኔ ሣጥን ውስጥ ያለው ባትሪ ብቻ ነው፤ እዚያ ጥይትም ይጨመራል። የእኔው አይመታም፤ እውነተኛው እያንዳንዷን ጥይት ሲተፋ ያዡን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በር እየበየድኩ ይህን በልቤ ስደምር የያዝኩት ኤሌክትሮድ እጄ ላይ አልቆ መያዣው ሲነካ ነው የምነቃው።

ያን ዕለት ጓደኛዬ ማብሪያውን ሲጫነው ሞተሪኖው ጮኸ፤ ቱቦዎቹ ተሽከረከሩ። እነሱ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ጓደኛዬ ወደ ግራ ተጠመዘዘ፤ ተንገዳግዶ ሄዶ ለደንበኛ ያዘጋጀሁት በር ላይ ተለጠፈ። እስኪያመን ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ ግን ትከሻው ተልጦ ነበር። በጠፍር አንጠልጥለን ሞከርነው፤ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል።

«ካሜራ ላይ ያስቃል» አለ። «የብረት ማቀፊያ ሥራልኝና ትከሻዬና ወገቤ ላይ በብሎን እሰረኝ።»

ሠራሁለት። ልክ እንደ ኮርቻ በልኩ ተቀመጠ። ሲታሰር አይነቃነቅም፤ ለመልበስም ለማውለቅም ግን ሌላ ሰው መፍቻ ይዞ መምጣት አለበት።

ይህን የመሰለ ነገር ፍኖተ ሰላም ውስጥ አውጥቶ መቅረጽ አይታሰብም። ስለዚህ ወደ እህቴ ቤት ለመሄድ ተስማማን። የእህቴ ባል ቡሬ አጠገብ ያርሳሉ። ዘራቸው ከአዊ ነው፤ ከእናታቸው ጋር በአገውኛ፣ ከእህቴ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ወደ እርሻ ከመመለሳቸው በፊት ወታደር ነበሩ፤ ምድባቸው ድሽቃ የሚባለው ከባድ መትረየስ ላይ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ።

መንገድ ተከፈተ በተባለ ማግስት መትረየሱን ፈታትተን ሚኒባስ ላይ ጫንነው። ቱቦዎቹ ከሌሎች ቱቦዎች ጋር ታስረው ጣሪያ ላይ ወጡ፤ ሞተሪኖውና ማቀፊያው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገቡ። ኬላ ላይ አንድ ወታደር ወደ ጣሪያው እያየ፣ «ምንድን ነው?» አለ።

«የውሃ ቱቦ» አልኩ።

«የት ነው?»

«ቡሬ፣ እህቴ ቤት።»

እውነቴን ነው። ጓደኛዬ በመስኮት ወደ ሌላ በኩል እያየ ጉልበቱን ያርገበግባል። «ሂዱ» ሲለን ሁለታችንም እኩል ተነፈስን።

ጋሼ ግቢ ደርሰን ስንገጣጥመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዙሪያውን ዞሩት። አንዱን ቱቦ በጣታቸው መታ መታ አደረጉና ሳቁ።

«ይሄንንስ ሄሊኮፕተር አፍንጫ ሥር አይቼዋለሁ» አሉ። «አየር ማረፊያ ስንጠብቅ። እዚያም በብሎን የታሰረ ነው። ጥይቱ ከሄሊኮፕተሩ ሆድ ይመጣለታል፤ መሣሪያው ሲመታም የሚችልለት ሄሊኮፕተሩ ነው። ሰው አቅፎት ሲቆም ግን አላየሁም።»

«ጠንካራ ሰው ቢሆንስ ጋሼ?» አለ ጓደኛዬ።

«መያዙንስ ይይዘዋል። ጥይቱን ማን ይይዝለታል? እኛ ድሽቃውን ዳገት ስናወጣ አንዱ አካሉን፣ አንዱ አፈሙዙን፣ አንዱ እግሩን፣ የቀረነው ጥይቱን ነበር የምንሸከም። በቅሎ ከተገኘ በበቅሎ። እሱ እንኳ ረጋ ብሎ ነው የሚተኩስ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ይሄኛው አንተ "እናቴን!" ብለህ ሳትጨርስ እኔ ከጠዋት ጀምሬ የተሸከምኩትን ጥይት ይጨርሰዋል። ከዚያማ ቱቦ አቅፈህ ቆመህ ቀረህ።»

«ታዲያ ለምን ሠሩት?»

«ለሰማይ ነው። አውሮፕላን ሲበር ዒላማው የሚታየው ለዓይን ጥቅሻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ብዙ መርጨት አለበት። አፈሙዙም የበዛው አንዱ ሲግል ሌላው እንዲቀበለው ነው። ምድር ላይ ያለ ሰው ምን አስቸኮለው? ተኝቶ ይጠብቃል።»

ጓደኛዬ ተቆጥቶም ተሸንፎም አይደለም፤ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው። ሰው የሚመጣው እውነቱን ሊያይ አይደለም፤ እውነቱማ ቤቱ አለ» አላቸው።

ጋሼ ጥቂት አሰቡና፣ «እሱስ ልክ ነህ» አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጋብዛቸው ማቀፊያውን ጠቆሙ። «እስቲ እኔን እሰረኝ።»

አሰርኳቸው። ማብሪያውን ሲጫኑ ቱቦዎቹ ጮኸው ዞሩ፣ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ አሉ፤ የጋሼ ፊት እንደ ልጅ በራ። እህቴ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ አየቻቸው።

«አይ ሽማግሌ!» አለች። «ዶሮዎቹን አባረርካቸው እኮ!»

ስፈታቸው ግን ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ትከሻቸውን እያሹ ወደ ጓደኛዬ ዞሩ።

«አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩልህም። ሰውየው ለምን ይቆማል?»

«ጀግና ነዋ።»

«መትረየስ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ያለ የሌለ ጠመንጃ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። ትንሽ ይተኩሳል፣ ይተኛል፣ ቦታ ይለውጣል። እኛ ዘንድ ቆሞ የሚተኩስ ሰው የለም። "ነበረ" ነው የሚባል።»

 ጓደኛዬ ካሜራውን ሊያስተካክል ሄደ።

ቀረጻው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነበር። በቆሎው ታጭዶ ተነሥቷል፤ ማሳው ላይ የቀረው ተቆርጦ እንደ ቢላ የሰላ አገዳ ብቻ ነው። በማሳው ጠርዝ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ወዲያ ባህር ዛፍ፣ ከባህር ዛፉ ወዲያ መንገዱ። ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ተክለን ከፈትነው። ጓደኛዬን መሐል ማሳ ላይ አቁሜ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ መፍቻውን ኋላ ኪሴ ከተትኩ። ጋሼ ቦዩ አጠገብ ተቀምጠው ያዩናል።

«ሳልነግርህ እንዳትቀርብ» አለኝ ጓደኛዬ። ሸሚዙን ራሱ ቀዶት ነበር።

ማብሪያውን ተጫነ። ቱቦዎቹ ተሽከረከሩ፤ መብራቶቹ ይብለጨለጫሉ፤ ሞተሪኖው ያለቅሳል። እሱ ጥርሱን ነክሶ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይዞራል። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ልክ በዚያ መሐል ከመንገዱ በኩል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ሰማሁ። ኩሽኔታው የተሰበረ መሰለኝ። ወደ ጋሼ ዞር ስል በቦታቸው የሉም። ቦዩ ውስጥ ተኝተዋል፤ የሚታየኝ ባርኔጣቸው ብቻ ነው።

«ተኛ!» የሚል ድምፅ መጣ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። አካሌ ከእኔ ቀድሞ ወደቀ።

ተኩሱ በረከተ። ከባህር ዛፉ ወዲያ ነው፤ ወደ እኛ አይሁን እንጂ ሩቅ አልነበረም። አንዳንዷ በላያችን ስታልፍ ታፏጫለች። አገጬን መሬት ላይ ለጥፌ ቀና ስል ጓደኛዬ እንደ ቆመ ነው።

«ተኛ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«እምቢ አለኝ!» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «እምቢ አለኝ!»

ለመንበርከክ ሞከረ፤ ወገቡ ላይ ያሰርኩት ብረት አላስጎነብስህ አለው። ከኋላ ሣጥኑ ይስበዋል፣ ከፊት ቱቦዎቹ ይስቡታል፤ በሁለቱ መሐል እንደ ሚዛን ተተክሎ ቀረ። ማብሪያውም ተጣብቆ አልጠፋ ብሏል። በዚያ ባዶ ማሳ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ሌላ ነገር የለም፤ እሱ ደግሞ ቆሞ፣ ስድስት አፈሙዝ እያሽከረከረ፣ ወደ መንገዱ ብልጭ ብልጭ ይላል። መንገዱ ላይ ያለ ሰው፣ የማንም ወገን ይሁን፣ ይህን ቢያይ ምን እንደሚያስብ ገባኝ። 

እየተሳብኩ ሄድኩ። አገዳው መዳፌንና ጉልበቴን ቀደደው፤ ያኔ አልተሰማኝም። እግሩ ዘንድ ስደርስ ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት። እንደ ተቆረጠ ዛፍ በጎኑ ወደቀ። ቱቦዎቹ አፈር ውስጥ ገብተው መዞራቸውን አልተዉም፤ አፈሩን እያረሱ ፊቴ ላይ ረጩት። ሞተሪኖው መጨስ ጀመረ። ዓይኔን ጨፍኜ በዳበሳ ሽቦውን አገኘሁትና በጠስኩት። ዝም አለ። መብራቱም ጠፋ።

ከዚያ ብሎኖቹ ቀሩ። መፍቻው ከእጄ እየወደቀ ሲያስቸግረኝ ጓደኛዬ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል። የወገቡ ብሎን አልላላ አለ፤ የወደቀበት ክብደት ወጥሮታል። ጋሼ ከቦዩ ወጥተው በሆዳቸው እየተሳቡ መጡ። ትከሻቸውን ማቀፊያው ሥር አስገብተው ወደ ላይ ገፉት። ብሎኑ ላላ። ጓደኛዬን እንደ ጆንያ እየጎተትን ሦስታችንም ቦዩ ውስጥ ተገለበጥን።

እዚያ ተኛን። ተኩሱ አንዴ ሲርቅ አንዴ ሲቀርብ ጓደኛዬ ራሱን ቀና እያደረገ «ካሜራዬ» ይላል። ጋሼ ማጅራቱን በመዳፋቸው ይዘው መሬት ላይ አጣበቁት።

«ካሜራህ እናት የለችውም» አሉት። «አንተ ተኛ።»

ቀስ በቀስ ተኩሱ ወደ ከተማው በኩል ሸሸ፤ በኋላም ቆመ። ማን ከማን ጋር እንደተታኮሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ አንዱ እንዲህ ነው አለን፣ ሌላው እንዲያ ነው አለን። እህቴ ከቤት ወጥታ እየሮጠች ስትመጣ ነው ጋሼ መነሣት እንዳቃታቸው ያየነው። ቦዩ ውስጥ ሲወድቁ ይሁን ሲወጡ፣ ጉልበታቸው አብጦ ሱሪያቸውን ሞልቶት ነበር። እህቴ መጀመሪያ ባሏን ዳበሰች፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ጓደኛዬን። ሁላችንም ሙሉ መሆናችንን ስታረጋግጥ ጊዜ ተቆጣች።

«ሦስት ጎልማሳ!» አለች። «ጦርነት ሲሸሸን እናንተ ቱቦ አሽከርክራችሁ ትጠሩታላችሁ? በሉ ተነሡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሄን ነገር በታትኑልኝ!»

በታተንነው። እሷ ራሷ አንዱን ጫፍ ይዛ እኔ ብሎን ፈታሁ። ጓደኛዬ የተፈታውን ብሎን ይለቅም ነበር።

ያለፈ መስሎኝ ነበር። መንገዱ ስለተዘጋ ግን እዚያው ሰነበትን፤ እውነተኛው ጭንቀት የመጣው ያኔ ነው። ከቡሬ ገበያ የተመለሰች ጎረቤት እህቴን በአጥር በኩል ጠርታ አንሾካሾከችላት፤ እዚህ አካባቢ ማሳ ውስጥ ብዙ አፍ ያለው መሣሪያ ገብቷል ተብሎ ይወራል አለቻት። አንድ ሰው ከሩቅ ብልጭታውን አይቷል። በማግሥቱ ወሬው አድጎ መጣ፤ መሣሪያው ሄሊኮፕተር ይጥላል ተባለ። ከዚያ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም ተባለ።

እኔ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። ከበረቱ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በረቱ። ይህን ወሬ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከሰማው፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ የእህቴን በር ነው የሚያንኳኳ፤ ካንኳኳም ነው። ውሻ በጮኸ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ። እህል አፌ ውስጥ ይንከራተታል። ጓደኛዬ ቱቦዎቹን እንቅበራቸው አለ። ጋሼ ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረው መደብ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የተቀበረ ቱቦ መትረየስ ነው» አሉ። «ይልቅ ሽማግሌዎቹ ይጠሩ።»

ተጠሩ። የጋሼ የንስሐ አባትና ሁለት የአገር ሽማግሌዎች መጡ። ጋሼ መቆም ስላልቻሉ ተኝተው ይቅርታ ጠየቁና ነገሩን ከመጀመሪያው አንድም ሳይቀንሱ ተናገሩ። እኔ ቱቦዎቹን፣ ላሜራዎቹን፣ ሞተሪኖውን አምጥቼ ፊታቸው ደረደርኩ። አባ አንዱን ቱቦ አንስተው በአንድ ዓይናቸው ወደ ብርሃኑ አዩበት።

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«ይኸው ነው አባቴ።»

«እኛ የሰማነው ከዚህ ይረዝማል» አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ።

አባ ግን አልሳቁም። ጓደኛዬን በሩቁ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። «ልጄ፣ በዚህ ዘመን የብረት ጥላም ይገድላል» አሉት። እሱ መሬት መሬት እያየ «እርስዎ እንዳሉት ነው አባቴ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ የጠበሉ መውረጃ ከተሰበረ እንደቆየ፣ ቱቦ ካለን እዚያ ቢውል መልካም እንደሆነ ነገሩኝ። ሥራው በጠራራ ፀሐይ እንዲሆን ፈለጉ፤ ሰው ሁሉ እንዲያይ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ሲወጣ እኔና ጓደኛዬ ቱቦዎቹን ተሸክመን መሐል ለመሐል አለፍን። አባ ጮክ ብለው፣ «ብዙ አፍ አለው ያላችሁት ይኸውላችሁ፣ አፉን ቁጠሩት» አሉ። ሳቅ ሆነ። አንዳንዱ አልሳቀም፤ ቱቦውን ነክቶ ያየም ነበር። አንዱ ቱቦ ስለታጠፈ አልሆነም፤ ሌሎቹንም መብራቶቹን ላስርበት ጫፋቸውን ስለበሳኋቸው በጨርቅና በቀለም መድፈን ነበረብኝ። ውሃው ሲለቀቅ ትንሽ ያንጠባጥብ ነበር። ወሬው ግን ከዚያ ቀን በኋላ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ የእህቴንም በር ያንኳኳ የለም።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን። ጓደኛዬ ከማሳው ያነሣነው ካሜራ የቀረጸውን ያየው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሲቀርጽ ነበር የቆየው። ጠራኝና አብረን አየነው። መጀመሪያ ላይ ቆሞ ያሽከረክራል፤ ከዚያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ይሰማል፤ ከዚያ ፊቱ። ያን ፊት ምን ብዬ ልንገራችሁ። አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ እኔን ይፈልጋል፣ እጆቹ ግን የማይተኩስ መሣሪያ ይዘው እንደ ጀግና ቆመዋል። በኋላ እኔ ከታች መጥቼ እጎትተዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ አገዳና ጩኸት ብቻ ነው።

«ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ዕድሜዬን ሙሉ አልቀርጽም» አለኝ። «ለማንም ግን አላሳየውም።» እንዳለውም አላሳየም።

ጋሼ ሰንበትበት ብለው ጉልበታቸውን ሊታዩ ፍኖተ ሰላም መጡ፤ እኔ ቤት አረፉ። ከሆስፒታል ስንመለስ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ወንበር አወጣሁላቸው። ጓደኛዬ መምጣታቸውን ሰምቶ መጣ፤ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸው በትከሻው ይዘው አስነሡት።

«ፊልምህስ?» አሉት።

«ተውኩት ጋሼ። ምን እንደማደርገው አላውቅም።»

ጋሼ ሻያቸውን ፉት አሉ። ከዚያ በፊት ለእኔም ለእህቴም ያልነገሩንን ነገሩን። ድሽቃው ላይ ሳሉ ጥይት የሚሸከምላቸው አንድ ባልንጀራ ነበራቸው። ተኩሶ አያውቅም፤ ሥራው መሸከም ነው። ዳገቱን ወርዶ ይጭናል፣ ወጥቶ ያራግፋል፣ ደግሞ ይወርዳል። ማንም ስሙን አያነሳም፤ የሚነሳው የተኳሹ ስም ነው። አንድ ቀን ወረደ፣ አልወጣም።

«ጥይቱ ሲያልቅብኝ ነው መቅረቱን ያወቅሁ» አሉ። «በፊልምህ ሁሉም ይተኩሳል። የሚሸከም ግን አላየሁበትም።»

ጓደኛዬ ወንበሩን ስቦ ተጠጋቸው። ሰውየው ምን ይለብስ እንደነበረ፣ ሣጥኑን በየትኛው ትከሻው ይይዝ እንደነበረ፣ ሲወጣ ምን እያለ ያጉረመርም እንደነበረ ይጠይቃቸው ጀመር። ጋሼም ሸክም እንዳራገፈ ሰው ወገባቸውን አቃንተው ይመልሱለት ጀመር። ባልንጀራቸው ዳገቱን ሲወጣ ከአዝመራ ዘፈን አንዲቷን ስንኝ ብቻ እየደጋገመ ያንጎራጉር ነበር፤ ቀጣዩን ስንኝ አያውቀውም። መብራት መጣ። በሩ ላይ የሚጠብቀኝ የመስኮት ሥራ ነበርና ማሽኑን ሰክቼ መበየድ ጀመርኩ፤ ጋሼም ድምፃቸው እንዲሰማ ከፍ አድርገው ያችን ስንኝ ለጓደኛዬ አዜሙለት።